በቃል የተከራየነው ቤት

ደሴ ውስጥ ቤት የሚከራየው በሰው ነው። ደላላው ወይም የሥራ ባልደረባ «እዚያ ግቢ አንዲት ክፍል ተለቃለች» ይላል፤ ተከራዩ ሄዶ ክፍሏን ያያል፤ ሽንት ቤቱ የጋራ መሆን አለመሆኑን፣ ውሃ በስንት ቀን ፈረቃ እንደሚመጣ፣ የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቃል። ባለቤቲቱም በተራዋ የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ እንግዳ ያበዛ እንደሆነ ታጣራለች። በዋጋው ከተስማሙ የአንድ ወር፣ አንዳንዴም የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ እጅ በእጅ ይሰጥና ቁልፍ ይረከባል። ከሸዋ በር እስከ ሆጤ፣ ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ ከማውቃቸው ተከራዮች አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው የገቡት እንዲህ ነው። እኔም በመምህርነት ወደዚህ ከተማ ከተመደብኩ ጀምሮ በተቀመጥኩባቸው ግቢዎች ሁሉ የገባሁት በዚሁ መንገድ ነው።

እንዲህ ገብቶ ዓመታት የኖረ ሰው አንድ ማለዳ «እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ» ሲባል ከአፉ የሚወጣው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ውል የለኝ፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» ይህን ንግግር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰምቼዋለሁ፤ ከኮምቦልቻ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥም ለቅሶ ቤት ተቀምጬም ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ሰዎች ፈሪ አይደሉም። ደመወዛቸው ቢዘገይ ቢሮ ገብተው የሚጠይቁ፣ ለልጃቸው ውጤት ከርዕሰ መምህር ጋር የሚሟገቱ ናቸው። የቤት ነገር ሲሆን ግን ወረቀት የለኝም ብለው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም ጥብቅና ከሚሠራ ዘመዴ ጋር ተቀምጬ የሚመለከታቸውን አንቀጾች አንብቤአለሁ። ከዚያ የተረዳሁት፣ በቃል የተከራየ ሰው መብቱ ሳይሆን ማስረጃው እንደሳሳ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ማስረጃ ሊሰበሰብ ይችላልና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል አጻጻፍ ሲናገር መነሻው ልቅ ነው። ቁጥር 1719 ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር የተዋዋዮቹ መስማማት እንደሚበቃ ይደነግጋል። ብዙ ሰው «የማይንቀሳቀስ ንብረት ነክ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም» የሚለውን ሰምቶ ያንን በኪራይ ላይ ይደርበዋል። ይህን የሚለው ቁጥር 1723 ነው፤ ዝርዝሩ ሲነበብ ግን የሚመለከተው ባለቤትነትን፣ የአላባ ጥቅምን (በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብትን)፣ የአገልግሎት መብትን ወይም የመያዣ መብትን የሚያቋቁሙና የሚያስተላልፉ ውሎችን ነው። ቤት መሸጥና መለወጥ በጽሑፍ ይሆናል፤ ለመኖሪያ ማከራየት በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ አገር በቃል ሲከራይና ሲያከራይ የኖረው ከሕግ ውጭ ሆኖ አልነበረም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የማስረጃ ጥያቄ ነው። ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት እንዳለበት ይናገራል፤ ቁጥር 2002 ደግሞ ማስረጃ በምን በምን እንደሚቀርብ ይዘረዝራል፦ በጽሑፍ፣ በምስክር፣ በሕሊና ግምት (ከታወቀው ነገር ተነስቶ ያልታወቀውን በመገመት)፣ በተከራካሪው ወገን ማመን ወይም በመሐላ። ጽሑፍ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ተከራዩ በወር ስንት እንደሚከፍል የሚያውቅ ጎረቤት፣ ኪራዩን ሲቀበል የነበረ የአከራይ ልጅ፣ አከራዩ ራሱ በሽማግሌ ፊት ያመነው ነገር፣ እነዚህ ሁሉ በሕግ ዓይን ክብደት አላቸው።

የጊዜ ገደብ ሳይቀመጥለት የተደረገ ውልም ቢሆን በአንድ ማለዳ ቃል አይቋረጥም። ቁጥር 1821 ያልተወሰነ ጊዜ ውልን ከተዋዋዮቹ አንዱ በማስታወቅ ሊያቋርጠው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ቁጥር 1822 ግን የማስታወቂያው ጊዜ በሕግ ወይም በልማድ የታወቀው፣ እርሱም ከሌለ እንደ ነገሩ ሁኔታ አግባብ የሆነው ጊዜ መሆን አለበት ይላል። «ልማድ» የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በኛ ሰፈር ማንም ሰው ሳይጽፈው የሚታወቅ ልማድ አለ። ለሚወጣ ተከራይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ይሰጠዋል፤ ልጅ የሚያስተምር ከሆነ ትምህርት እስኪዘጋ ይጠበቃል፤ አራስ ያለችበት ቤት አይነካም። ይህን ልማድ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። አከራይ ጥሶ ሲገኝ ደግሞ የሚወቅሰው ተከራዩ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱ ሁሉ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ይህ አዋጅ የቃሉን ዘመን ለመዝጋት የመጣ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። የዋጋ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ሰኔ 30 በሚያስታውቀው ልክ እንጂ አከራይ በፈለገው ጊዜና መጠን አይሆንም። ለተከራይ ይህ ሁሉ ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ይሁንና ተቆጣጣሪውን የሚሰይመው በክልል ከተሞች ክልሉ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባውን ዜና በቴሌቪዥን ሰምቶ ደሴ ላይ «አዋጁ እንዲህ ይላል» ብሎ ከአከራይ ጋር ከመፋጠጥ በፊት የከተማውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ገብቶ ምዝገባው በዚህ ከተማ እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅ ይሻላል።

አዋጁ በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑንም ያሳየኝ ዘመዴ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1720 በሕግ የታዘዘ ፎርም ሳይጠበቅ የተደረገ ስምምነት ውል ሳይሆን እንደ ረቂቅ እንደሚቆጠር ይናገራል። እንግዲህ አንድ ብልህ አከራይ «አዋጁ ጽሑፍ አዟል፤ እኛ በቃል ነበርን፤ ስለዚህ ውል የለም፤ ስለዚህ ውጣ» ሊል ይችላል። ዘመዴ ግን በዚህ አልተደናገጠም። «ውል ከሌለ ለእርሱም የለማ! ያልተከፈለኝ ኪራይ አለ ብሎ በምን ይጠይቃል? የተቀበለውንስ ምን ብሎ ተቀበለው?» አለኝ። በዚያ ላይ የመጻፍና የማስመዝገቡ ግዴታ ተከራዩ ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም። ወረቀት አልጽፍም ብሎ እምቢ ያለ ሰው፣ ወረቀት አለመኖሩን ለራሱ መጠቀሚያ ሲያደርገው ዝም ብሎ የሚያይ ዳኛ ይኖራል ብዬ ማመን ይከብደኛል።

አከራዮች ለምን አይጽፉም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይመለሳል፦ ግብር። እውነት ነው፤ የቤት ኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው፤ የተመዘገበ ውል ደግሞ ገቢውን ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። አንዳንዱ አከራይ በዚሁ ምክንያት «ለመንግሥት የሚታይ» ውል በአነስተኛ ዋጋ ጽፎ ልዩነቱን በእጅ ይቀበላል። እንዲህ ያለውን ውል የሚፈርም ተከራይ በገዛ እጁ የሐሰት ማስረጃ ይሠራል፤ ነገ የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ላስረዳ ቢል የራሱ ፊርማ ይመሰክርበታል። እኔ ቢቀርብልኝ ከዚያ ይልቅ ያለ ወረቀት መኖርን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ግብር ብቻውን አያስረዳውም። በዚህ ከተማ የሚያከራዩት ብዙዎቹ ባለ ፎቅ ሀብታሞች አይደሉም፤ ግቢያቸው ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ሦስት ክፍል የሠሩ፣ ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ ቆርቆሮ የቀየሩ እናቶችና ጡረተኞች ናቸው። የእነርሱ ፍርሃት ሌላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ያከራዩት ቤት በአንድ ሌሊት የሌላ ሰው የሆነባቸው ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። አባቶቻቸው ያከራዩት ቤት የቀበሌ ቤት ሆኖ ተከራዩ እስከ ልጅ ልጁ ሲኖርበት ያዩ ሰዎች «ስምህን በወረቀት ላይ ከጻፍኩ ቤቱ ያንተ ይሆናል» የሚል ስጋት ቢያድርባቸው አልፈርድባቸውም። ሁለት ዓመት የሚል ውል ሲሰሙ የሚሰማቸው «ሁልጊዜ» የሚል ነው። ተከራይ ይህን ፍርሃት ሳያውቅ ወረቀት ሲያወጣ ጠብ እንደ ፈለገ ይቆጠራል።

ለዚህም ነው ጉልበቴን ሁሉ ወረቀት በማስፈረም ላይ ከመጨረስ ይልቅ ዕለት ተዕለት የሚወለደውን ማስረጃ ማጠራቀም የሚበልጥ የመሰለኝ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀድሞ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ የገጠማት ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው ያሉ ሰፈሮች ክፍል በክፍል እየተቀጠሉ ሲከራዩ ቆይተዋል። ሴት ሠራተኞች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ ፍራሽ ከፍራሽ ይገጥማል፣ አንዷ የማታ ፈረቃ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። እነዚህም ሦስት ሆነው በቃል ተከራይተው ሲኖሩ ባለቤቱ ከሦስት ሺህ ብር ወደ አምስት ሺህ ከፍ አደረገባቸው፤ ሲለምኑት ደግሞ «እንዲያውም የሁለት ወር አልከፈላችሁኝም» ብሎ ነገሩን አዞረው።

ልጆቹ ኪራይ የሚልኩት በቴሌብር ነበርና መልእክቶቹ በስልካቸው ነበሩ። ችግሩ ገንዘቡ የገባው በባለቤቱ ሳይሆን በወንድ ልጁ ቁጥር ነው፤ አባትየው ስማርት ስልክ ስለማይዝ «ለልጄ ላኩለት» ብሎ ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለቤቱ «የልጄ ሌላ ዕዳ ነበረባቸው፤ እርሱን ይሆናል የላኩት» አለ። አንዱ ሽማግሌ ልጁን አስጠራና ምንም ሳይጨምር «ይህች ልጅ በየወሩ መግቢያ የላከችልህ ገንዘብ የምን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ አባቱን አየ፣ መሬት አየ፣ «የቤት ኪራይ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ክርክር የጭማሪው ብቻ ሆነ፤ እርሱም በአራት ሺህ ተገላገለ። ፍርድ ቤት ቢደርስ የልጁ ቃል ምስክርነት፣ የስልኩ መልእክትም ጽሑፍ ይሆን ነበር። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ ስትልክ ማብራሪያው ቦታ ላይ «የጥር ወር ቤት ኪራይ» ብላ ትጽፋለች፤ ከላከችም በኋላ «አባባ፣ የጥር ኪራይ ለልጅዎ ልኬአለሁ» የሚል አጭር መልእክት ለአባትየው ትልካለች። መልስ ባይመጣም መልእክቱ ይቀመጣል።

በባንክ የሚከፍል ሰው ከዚህም የተሻለ ይዞታ አለው፤ በየወሩ ተመሳሳይ መጠን በተመሳሳይ ሰሞን ወደ አንድ ሰው ሒሳብ መግባቱን የሚያሳይ፣ ባንኩ ማኅተም ያሳረፈበት ዝርዝር ማውጣት ይቻላል። ይህ የሕሊና ግምት የሚባለውን ነገር ያለ ብዙ ድካም ያሟላል። በእጅ ካልሆነ አልቀበልም ለሚል አከራይ ደግሞ ሌላ ሰው ባለበት መስጠት፣ ቢቻል የግቢው ሌላ ተከራይ ሲከፍል አብሮ መክፈል ነው። የምስክር ነገር ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ያው ግቢ የሚኖር ተከራይ ነገ እርሱም እንዳይባረር ይፈራል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከባለቤቲቱ ጋር ለሠላሳ ዓመት ቡና ተጣጥቷል፤ ለአንድ መምህርት ብሎ አይጣላትም።

ወሎ ላይ ከቀበሌ መዝገብ በላይ የሚታመነው የቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር፣ መዝገብ ነው። አንድ ባልደረባዬ ሮቢት አካባቢ ተከራይቶ ሲኖር አከራዩ ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ሊሰጥ ፈልጎ «በእንግድነት ያስጠጋሁት ሰው ነው እንጂ ተከራይ አይደለም» አለ። ባልደረባዬ የሰፈሩ ቅሬ አባል ነበር። የቅሬው ጸሐፊ ያንን ጥጉ የተበላ ባለ ካሬ ደብተር ይዘው መጡ፤ ገጹን ገለጡ፤ ስሙ ከገባበት ወር ጀምሮ መዋጮው ተሞልቷል፣ በስሙ ትይዩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የእገሌ ግቢ፣ ተከራይ» ተብሎ ተጽፏል። ሲመዘገብ ማን እንደሆነ ለመለየት የጻፉት ማስታወሻ ነበር። አከራዩም የዚያው ቅሬ አባል ነውና ደብተሩን ሐሰት ሊል አልቻለም። ተከራይ ሆኖ ቅሬ መግባትን ብዙ ወጣት «ነገ ለምለቅቀው ሰፈር» እያለ ይተወዋል። እኔ ግን ሐዘን ሲደርስ ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር ሰው መሆኑንና ነዋሪ መሆኑን የሚያስመሰክርለት ቦታ ሌላ አላየሁም።

ቀበሌም ቢሆን ሳናስበው ማስረጃ ያስቀምጥልናል። መታወቂያ ላወጣ ስሄድ አከራዬ መጥተው «በግቢዬ የምትኖር ተከራይ ናት» ብለው እንዲፈርሙልኝ ተጠይቄ ነበር። የጸጥታው ሁኔታ በጠበቀበት ሰሞንም የሰፈሩ ኮሚቴ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ስም እንዲያስመዘግቡ አዞ ዞሯል። የሚገርመው ነገር፣ የኪራይ ውል ለመጻፍ አሻፈረኝ የሚል ሰው ለጸጥታ ኮሚቴው ሲሆን የተከራዩን ሙሉ ስም፣ ሥራና የገባበትን ወር በገዛ እጁ ጽፎ ይሰጣል።

ክርክሩ በቃል ማለቁ ቀርቶ እጅ ሲገባበት ነገሩ ይለወጣል። መብራት ከቆጣሪው ማጥፋት፣ የውሃውን ቧንቧ መዝጋት፣ ተከራዩ ሥራ ውሎ ሲመለስ በሩን በሌላ ቁልፍ ቆልፎ መጠበቅ፣ ዕቃ ወደ ደጅ ማውጣት፣ እነዚህን ሁሉ አከራዮች እንደ መብታቸው ያዩአቸዋል፤ «በገዛ ቤቴ!» ይላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቁጥር 1149 ላይ ይዞታው የተነጠቀበት ወይም በይዞታው ሁከት የተፈጠረበት ሰው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት፣ ኪሣራም እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «የሁከት ይወገድልኝ» ክስ የሚባለው ይህ ነው። የዚህ ክስ መልካምነቱ ጥያቄው ቤቱ የማን ነው የሚል አለመሆኑ ነው፤ ቤቱን በእጁ አድርጎ ይኖርበት የነበረው ማን ነው፣ ሰላሙንስ ያወከው ማን ነው የሚል ነው። ይዞታ በቁጥር 1140 የሚተረጎመው አንድን ነገር በእጅ አድርጎ በማዘዝ ነው። ክሱ ሁከቱ ከተነሳበት አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ነገር ግን ደጅ ላይ ዕቃ ለወጣበት ሰው ሁለት ዓመት የሚያስብበት ጊዜ አይደለም፤ በማግስቱ ነው መሄድ ያለበት። ከዚያም በፊት በዚያችው ሰዓት ዕቃው የተጣለበትን፣ የተቆለፈውን በር፣ የግቢውን ሁኔታ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል።

ተከራዩ በሌለበት ክፍሉን ከፍቶ መግባትም ቀላል ነገር ተደርጎ ይታያል። ትርፍ ቁልፍ የያዙ አከራዮች «ዝናብ ያፈስስ እንደሆነ ለማየት ነው» ይላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን መኖሪያ ከመበርበር የሚጠብቀው ባለቤት የሆነውን ሰው ብቻ መርጦ አይደለም፤ የምኖርበት ክፍል መኖሪያዬ ነው። ይህን ለአከራይ በሕገ መንግሥት ቁጥር መናገር ግን አልመክርም። እኔ አንዴ «እማማ፣ ሲገቡ ብኖር ቡና አፈላልዎት ነበር፤ ከሌለሁ ግን ይደውሉልኝ» አልኩና አለቀ።

የቃል ውል ፈጽሞ ያላሰበው ነገር የሚመጣበትም ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግማሹ ከተማ በሌሊት ወጣ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በሌላ እጅ ቆዩ። ሰው ሲመለስ የተዘረፈ ቤት፣ የተሰበረ በር፣ የጠፋ ፍራሽ አገኘ። ያኔ በየግቢው የተነሳው ጥያቄ ያልኖርንበት ወር ኪራይ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም፣ የተሰበረውን በርስ ማን ያሠራል የሚል ነበር። በጽሑፍ የተዋዋለውም በቃል የተዋዋለውም እኩል ነበር፤ ማንም ስለ ጦርነት የጻፈ አልነበረምና። ባየኋቸው ግቢዎች አብዛኛው በግማሽ ተገላገለ፤ የአንዳንዱ አከራይ ቸርነት ዛሬም ይወራለታል፤ ሙሉውን የተቀበለም ነበር። በሩን ግን ሁሉም ቦታ ያሠራው አከራዩ ነው፤ ይህም ቤቱን ለመኖሪያ በሚበቃ ሁኔታ አስረክቦ እንደዚያው ማቆየት የአከራይ ግዴታ ነው ከሚለው የሕጉ ሐሳብ ጋር የሚሄድ ነበር፤ ማንም ሕግ ጠቅሶ ግን አልነበረም።

አሁን ያለሁበት ግቢ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ወረቀት እንጻፍ ስላቸው የመጀመሪያ ምላሻቸው የጠበቅኩት ነበር፦ «ምን አጎደልኩብሽ ልጄ? ምን ሰምተሽብኝ ነው?» የቀረበልኝን ስኒ ጠጥቼ ሦስተኛው እስኪቀዳ ስለዚህ ነገር አልተናገርኩም። ከዚያ «እማማ፣ እኔ እርስዎን አልፈራም። እርስዎ ቢታመሙ፣ አላህ አያድርገውና፣ ከሳዑዲ የሚመጣው ልጅዎ አያውቀኝም። እኔስ ብሞት ዕቃዬን ለማን ይሰጣሉ?» አልኳቸው። ይህ ገባቸው። የልጃቸው ስም ሲነሳ ነገሩ ከእምነት ማጣት ወደ ኑዛዜ ዓይነት ነገር ተለወጠና «አብሽሪ፣ እንጽፈዋለን» አሉ። ሕጉ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙ ስለሚፈልግ አንዱ ምስክር የቅሬው ጸሐፊ፣ ሌላዋ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ሆኑ።

የጻፍነው አንድ ገጽ ነው። የክፍሏ ስፋትና ያለችበት ሁኔታ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር፣ ተጽፏል፤ ኪራዩ በሒሳባቸው እንደሚገባ፣ ውሃና መብራት ለሦስት እንደሚካፈል፣ ልቀቂ ሲሉኝ ወይም ልልቀቅ ስል የሁለት ወር ማስታወቂያ እንደምንሰጣጥ ተጽፏል። እሳቸው አንድ ነገር በግድ አስጨመሩ፦ በክረምት ብርድ ሰበብ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ማደር ክልክል ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር የሐምሌን ሌሊት ያሳለፈ ሰው ለምን እንደፈለጉት ያውቃል፤ ከኔ በፊት የነበረች ተከራይ ጢሱ አፍኗት በሩን ሰብረው ነው ያወጧት። ያንን መስመር ሲነበብላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ለምዝገባም ወረቀቱን ይዘን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንድንሄድ ተስማምተዋል፤ የሚያስጨንቃቸው ሰልፉ ነው።

ጭማሪው ላይ ግን አልተግባባንም። እሳቸው «እንደ ኑሮው» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ፤ እኔ አዋጁ እንደሚለው በዓመት አንዴ፣ ከሚታወጀው ልክ ሳያልፍ ይሁን እላለሁ። «የሽንኩርቱን ዋጋ ማን አወጀው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ያንን መስመር ባዶ ትተን ለሰኔ ቀጠሮ ይዘንለታል።